አሮጌ የቢትኮይን ማሽን ገዝታችሁ ለዘመድ ከመላካችሁ በፊት

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ አንድ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። «እዚህ አሮጌ የማይኒንግ ማሽን በ60 ዶላር ይሸጣል። አገር ቤት መብራት ርካሽ ነው። ገዝቼ ለወንድሜ ብልክለትስ?» ጠያቂው አንዴ ዲሲ ኡበር የሚነዳ ነው፣ አንዴ ዱባይ ያለች እህት ናት። ማይኒንግ ማለት ማሽን ሌት ተቀን ስሌት እየሠራ ቢትኮይን የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያስገኝበት ሥራ ነው። እኔ ይህንኑ በፈረንጆቹ 2023 አስቤ፣ ይህንኑ አድርጌ፣ ገንዘቤንም ዘመዶቼንም ላጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መልሱ አጭር ነው። አትግዙ።

ሂሳቡን ቶሎ ልጨርሰው። በርካሽ የሚገኘው ብዙ ጊዜ አንትማይነር ኤስ9 ነው፣ በ2016 የወጣ። 13.5 ቴራሃሽ (የማሽኑ የስሌት ፍጥነት መለኪያ ነው) ገደማ ይሠራል፣ 1,320 ዋት ገደማ ይበላል። በቀን 32 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ኤፕሪል 2024 ላይ የአንድ ብሎክ (የግብይት መዝገብ ገጽ በሉት) ክፍያ ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ከወረደ በኋላ፣ አንድ ቴራሃሽ በቀን የሚያስገባው እስከ 2025 ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። 5 እንበል። ኤስ9 በቀን 67 ሳንቲም አመጣ ማለት ነው። ይህንን ለ32 አካፍሉት፤ 2 ሳንቲም ከምናምን። መብራት በኪሎዋት ሰዓት ከዚያ በላይ ከሆነባችሁ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ትከስራላችሁ። እኛ ቨርጂኒያ የምንከፍለው 15 ሳንቲም አካባቢ ነው።

«አገር ቤትስ?» ኢትዮጵያ የገቡት ትልልቅ የማይኒንግ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በጅምላ ሲገዙ ይከፍሉ የነበረው 3 ሳንቲም ከትንሽ ነገር ነው። በዚያ ዋጋ እንኳ ኤስ9 ያከስራል። እነሱን የሚያዋጣቸው እንደ ኤስ21 ያለው ነው፤ 200 ቴራሃሽ በ3,500 ዋት። ለአንድ ቴራሃሽ የሚበላው ከኤስ9 አንድ አምስተኛውን አይሞላም። ደግሞም በሜጋዋት የሚሸጠው «ኃይል» ሌላ፣ የአክስታችሁን ቆጣሪ የሚያነበው «አገልግሎት» ሌላ ነው። አንድ ኤስ9 ብቻውን በወር 950 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የቤት ታሪፍ ትልቁ እርከን የሚጀምረው ከ500 በላይ ነው። እና ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ በወር 20 ዶላር ነው፣ ያውም መብራቱ ሳይከፈል። ለ20 ዶላር እኮ ነው ይሄ ሁሉ!

ሕጉን በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሏል። ኤሌክትሪክ ኃይልም በ2025 አዲስ የማይኒንግ ደንበኛ መቀበል አቁሜያለሁ ብሏል። ስለዚህ «ሰብስቴሽን አጠገብ ቦታ አለኝ፣ ማሽንህን አምጣ፣ ግማሽ ግማሽ» የሚላችሁ ሰው ካለ ቡናውን ጠጥታችሁ ተሰናበቱት። የጌም ካርድ (የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ) ለማይኒንግ የሚሸጥላችሁንም እንዲሁ። በእነሱ ይሠራ የነበረው ሌላው ዲጂታል ገንዘብ፣ ኢቴሪየም፣ በሴፕቴምበር 2022 ማይኒንግን ከተወ ወዲህ የእነዚያ ካርዶች ነገር አብቅቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ዋናው ጉዳይ ማሽኑ አይደለም።

አራት ኤስ9 ገዛሁ። ወደ አገር ቤት በሚሄዱ ሰዎች ሻንጣ እየከፋፈልኩ ላክሁ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ቦሌ ጉምሩክ ላይ «ይሄ ምንድነው?» ሲባል የሚመልሰው አጥቶ ሦስት ሰዓት ቆመ። የላክሁት እኔ፣ ላቡ የወረደው እሱ። ሰው ሻንጣ ውስጥ ሰውየው ራሱ ማስረዳት የማይችለውን ዕቃ አትክተቱ።

ማሽኖቹ አዳማ፣ አክስቴ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ገቡ። የሚጠብቃቸው የአክስቴ ልጅ ነው። ገና ተመርቆ ሥራ ይፈልጋል። ደሞዝ አልቆረጥኩለትም። «ከትርፉ 30 በመቶ ያንተ ነው» አልኩት። ትርፉን ከላይ አይታችኋል።

የመጀመሪያው ወር ማር ነበር። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሆኜ ፑሉን (ብዙ ማሽኖች ኃይላቸውን አዋጥተው ገቢውን የሚካፈሉበትን አገልግሎት) በስልኬ እከፍታለሁ። 54 ቴራሃሽ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አሳየሁ።

ከዚያ ማሽኖቹ ሌሊት ሌሊት መጥፋት ጀመሩ። ስደውል መልሱ «መብራት የለም» ነው። አመንኩ። መብራት እንደሚጠፋ ማን ያጣዋል? ግን ቁጭ ብዬ ሰዓቱን ሳየው፣ ሁሌ ማታ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል፣ ሁሌ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። እንዲህ ሰዓት የሚያከብር መብራት አዳማ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ቁጥሩ ወረደ። 54 የነበረው 49.5 ሆነ። ከዚያ 45። ከዚያ 36። «ሙቀት ነው» አለኝ። አዳማ ደግሞ ይሞቃል፣ ምን እላለሁ። ግን እያንዳንዱ ኤስ9 ውስጥ ስሌቱን የሚሠራ ሦስት ቦርድ አለ፤ አንዱ ቦርድ 4.5 ቴራሃሽ ነው። ቁጥሩ የሚወርደው በቦርድ በቦርድ ነበር።

እኔ የደመደምኩት ልጁ የማሽኖቹን የስሌት ኃይል ወደ ራሱ ዋሌት (የቢትኮይን ቦርሳ) አዙሮታል ብዬ ነው። ደወልኩና ተናገርኩት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። እሱ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአክስቴ ቤት ጋር ለስድስት ወር አልተደዋወልንም። ለገና እንኳ።

ለ2024 ፋሲካ አገር ቤት ስገባ ነው ነገሩ የወጣው።

መብራቱን ሌሊት የሚያጠፉት አክስቴ ናቸው። አራት ኤስ9 ማለት አራት የፀጉር ማድረቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ነው። ጎረቤት ቅሬታ አቅርቧል። «ልጄ፣ እንቅልፍ ነሳን እኮ። አንተ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አውጥተህበታል፣ ታዝናለህ ብዬ ነው» አሉኝ። ለእኔ ማዘን ተብሎ እንግዲህ በየቀኑ ውሸት ተነገረኝ። እኔም ከፋሁባቸው ማለት አልችልም።

የመብራቱ ሂሳብስ? አራቱ ማሽኖች 5 ኪሎዋት ያልፋሉ። ከአንድ የእንጀራ ምጣድ የሚበልጥ ነገር ሳይነቀል ሲነድ ነው። የላክሁት ብር አልበቃም። ልጁ ከጓደኞቹ ተበድሮ ከፍሏል። ሌባ ያልኩት ልጅ!

ቦርዶቹን የወሰደው ሌላ ሰው ነው። ማሽን ሲያስቸግር የሚጠራው «ቴክኒሻን» ነበር፣ የልጁ ጓደኛ። ደህናውን ቦርድ እየነቀለ የሞተ ሲተካ ቆይቷል። ያወቅሁት በዕድል ነው። ሻጩ ለማስታወቂያ ያነሳው ፎቶ ስልኬ ውስጥ ነበርና፣ ማሽኑን ስከፍት ተለጣፊው ላይ ያለው መለያ ቁጥር አልገጠመም። የአክስቴን ልጅ «ታውቅ ነበር?» አልኩት። «ጠርጥሬ ነበር» አለኝ። «ታዲያ ለምን አትነግረኝም?» «ጓደኛዬ ነው። ምን ልበለው? ለአንተስ ምን ልበልህ?»

ይሉኝታ ይሉታል ይሄን። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአገር ወጥተን አሥር ዓመት ስንቆይ ግን ሌላው ሰው ላይ መኖሩን እንረሳዋለን።

ስለዚህ ማን ይታመናል ለሚለኝ፣ ዘመድ ወይስ ባዕድ አይደለም ጥያቄው። ክፉ ወሬ የሚነግራችሁ ሰው አላችሁ ወይ ነው። ከዘመዶቻችሁ መካከል አንድ ጊዜ «አይሆንም» ያላችሁን አስታውሱ። «ይሄ ነገር አያዋጣህም፣ እኔም ጊዜ የለኝም» ያለውን። ያ ሰው ወርቅ ነው። እኛ ግን እሱን ቅር ብለንበት «እሺ፣ ችግር የለም» የሚለውን እንመርጣለን። እኔ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ አጎት ነበረኝ። ሳማክረው «ተወው» ስላለኝ ወደ አዳማ ዞርኩ።

ደግሞ ለሚሠራ ሰው ክፈሉ። በየወሩ፣ የታወቀ ብር፣ ቢያተርፍም ባያተርፍም። በነጻ የሚጠብቅላችሁን ሰው መቆጣጠር አትችሉም። ደረሰኝ ስትጠይቁት «አላመነኝም» ይላል፣ ልክም ነው። ደሞዝ ካለው ግን ደረሰኝ ሥራው ነው። ስትጀምሩ በትንሽ ነገር ሞክሩት። የውሃ ሂሳብ ይክፈልና የደረሰኙን ፎቶ ይላክ። ሦስት ጊዜ ጠይቃችሁት ካልላከ ቤትም፣ መኪናም፣ ማሽንም አትስጡት።

ውክልና የሚጠይቃችሁ ካለ ጠቅላላ ውክልና አትስጡ። ጉዳዩን ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ይበቃል። ጉዳዩ ሲያልቅ ሻሩት።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ ግን እሞክራለሁ» የሚል አይጠፋም፤ አውቃችኋለሁ። የእያንዳንዱን ቦርድ መለያ ቁጥር ሳትልኩ ፎቶ አንሱ። የማሽኑን ፓስወርድ ቀይሩ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ስሙም ፓስወርዱም «ሩት» ነው፣ ይህን የማያውቅ የለም። ያገለገለ ማሽን ላይ የቀድሞው ባለቤት የጫነው ሶፍትዌር የስሌት ኃይሉን ወደ ሌላ ሰው ሊልክ ስለሚችል ኦሪጅናሉን መልሳችሁ ጫኑ። ዋሌቱን የሚከፍቱት ሚስጥራዊ ቃላት ከእናንተ እጅ አይውጡ፣ ለእናትም ቢሆን። ዘመዳችሁ ፑሉን እንዲያይ ብቻ የሚያስችል ሊንክ ስጡት። ሁለታችሁም አንድ ቁጥር ስታዩ ግማሹ ጠብ ይቀራል።

የአክስቴን ልጅ ዕዳ ከፍዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አሁን ሥራ ይዟል። ሰርቪሱም ተከራይቷል።

ቴክኒሻኑ ባለፈው ወር በዋትስአፕ ደወለልኝ። ኤስ19 በርካሽ አግኝቷል፣ እኔ ብሩን ልላክ፣ እሱ ይሠራበታል፣ ግማሽ ግማሽ። «ቦርዱ ስንት ነው፣ ሦስቱም አለ?» አልኩት። ስልኩ ተቋረጠ። መብራት ጠፍቶበት ይሆናል።