የሶፍትዌር ግምገማዎ ጎብኚ ሲያጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በሌሎች የጎጃም ከተሞች የግል ድረ ገጽ ከፍተው የሶፍትዌር ግምገማ ለሚጽፉ፣ ነገር ግን የድካማቸውን ያህል ጎብኚ ላላገኙ የተዘጋጀ ነው። ከምልክቱ ይነሱ፤ ምክንያቱን ሳያረጋግጡ ወደ መፍትሄው አይለፉ።

ምልክት፦ ጽሑፉ በጉግል ሲፈለግ ጨርሶ አይወጣም

በመጀመሪያ መጣራት ያለበት ጉግል ገጹን መዝግቦት እንደሆነ ነው፤ ይህም ሰርች ኮንሶል በተባለው ነጻ የጉግል መሣሪያ የገጹን አድራሻ አስገብቶ በማየት ይታወቃል። ድረ ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ፣ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የሚጠይቀው ምርጫ በግንባታው ወቅት በርቶ ሳይነሳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ምርጫውን አጥፍተው ምዝገባ እንደገና ይጠይቁ።

ገጹ ተመዝግቦ ሳለ በአማርኛ ቃል ካልተገኘ ግን ጥርጣሬው ወደ ፊደሉ ይዞራል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ለእያንዳንዱ የራሱን ኮድ ወደሚሰጠው መስፈርት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በቀደመው አሠራር የተዘጋጁ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር በትክክል ቢነበብም፣ ለፍለጋ ሞተሩ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ገጹን ፎንቱ በሌለበት ስልክ ከፍተው ይፈትሹ፤ ተበላሽቶ ከታየ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ከመለወጥ ወይም እንደገና ከመተየብ በቀር ሌላ መላ የለውም።

ምልክት፦ ገጹ በፍለጋ ውጤት ይታያል፤ የሚከፍተው ግን የለም

ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ በርዕሱ ላይ ነው። በአገራችን ፒችትሪ ተብሎ የሚታወቀው የሒሳብ ሶፍትዌር በአምራቹ ዘንድ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም፣ በቡሬ ያለ ሒሳብ ያዥ የሚፈልገው በለመደው ስም ነው። ስለዚህ የታወቀውን ስም በርዕሱ፣ አዲሱን ስምና የፈተኑትን የቨርዥን ቁጥር ደግሞ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ምርጥ የሒሳብ ሶፍትዌር» የሚል ርዕስ የማንንም ጥያቄ አይመልስም።

ምልክት፦ አንባቢው ይገባል፤ ወዲያውም ይወጣል

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ችግር ይህ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ግምገማው አምራቹ ስለ ራሱ ምርት የጻፈውን ዝርዝር በአማርኛ ከመድገም አለማለፉ ነው። ጉግልም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ላይ በተገበረው ማሻሻያ፣ የምርቶችን ዝርዝር ጨምቆ ከሚያቀርብ ጽሑፍ ይልቅ በጥልቅ ምርመራ ላይ ለተመሠረተ ግምገማ ብልጫ መስጠት እንደሚፈልግ አስታውቋል።

መፍትሄው ሶፍትዌሩን በእውነተኛ ሥራ መፈተን ነው። የሒሳብ ሶፍትዌር ከሆነ፣ በፍኖተ ሰላም ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤትን አስፈቅደው የአንድ ወር ግዥና ሽያጩን ያስገቡ፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 እንዲዘጋ ይፈቅድ እንደሆነ፣ የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ በትክክል ያሰላ እንደሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈ የዕቃ ስም ሲታተም ወደ ባዶ ሳጥን ይለወጥ እንደሆነ ይመዝግቡ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ወይም መዝገቡ ሳይቀመጥ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም ሆን ብለው ይሞክሩ፤ የጎጃም አንባቢ በሌላ አገር ከተጻፈ ግምገማ የማያገኘው መልስ ይህ ነውና። የኮምፒውተሩን የሚሞሪ መጠን ይግለጹ፤ የደንበኞችን ስም ሸፍነው ራስዎ ያነሱትን የስክሪን ምስል ያያይዙ። ጉድለቱንም ሳይሸሽጉ ይጻፉ፤ ግምገማዎን አምኖ የሚገዛው ሰው የሚያወጣው የላቡን ገንዘብ ነው።

ምልክት፦ ገጹ ለመከፈት ይዘገያል

የስክሪን ምስሎች ሳይቀነሱ ሲጫኑ ይከብዳሉ። ስፋታቸውን ወደ 1,200 ፒክስል ገደማ ዝቅ አድርገው ዌብፒ (WebP) በተባለው የምስል ፎርማት ያስቀምጧቸው። ጉግል የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል።

ምልክት፦ ጥሩ የነበረው የጎብኚ ቁጥር ቀነሰ

ሶፍትዌሩ ታድሶ ግምገማው እንደ ቀድሞው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ብቻ መለወጥ አንባቢን ማታለል ነው፤ አዲሱን ቨርዥን ፈትነው የተለወጠውን ነገር ከነቀኑ ከላይ ያስፍሩ። ከሽያጩ ኮሚሽን የሚከፈልዎ ከሆነም፣ ይህንኑ ከማስፈንጠሪያው በፊት በግልጽ ይናገሩ፤ በማስፈንጠሪያው ኮድ ውስጥም የሚከፈልበት መሆኑን ለፍለጋ ሞተሩ የሚያመለክተውን ምልክት (rel="sponsored") ያስገቡ።