የአምፕሊፋየር ጌይን በብሉቱዝ አይስተካከልም
የመኪናችሁ አምፕሊፋየር (የቴፑን ድምፅ ለስፒከሩ የሚያጎላው ሳጥን) ላይ ያለችው የጌይን ቁልፍ የድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ሥራዋ አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ከሚመጣው ሲግናል ጋር ማመጣጠን ነው። ብዙ ሰው ግን በብሉቱዝ ዘፈን ከፍቶ ያስተካክላታል። ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ድምፁ አነስ ስለሚል ጌይኗ ከልክ በላይ ትከፈታለች። ከዚያ ፍላሽ ሲሰካ ስፒከሩ ይንጫጫል። እኔ ሁለት ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ያቃጠልኩት እንዲሁ ነው!

ስታስተካክሉ ዘፈን ከምትከፍቱባቸው ሁሉ ድምፁ ከፍ በሚለው ጀምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍላሽ ወይም ሲዲ ነው። ቤዝና ትሬብሉን ዜሮ ላይ አድርጉ። ጌይኗን ዝጉና የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርሱ፤ መጨረሻው 40 ከሆነ 30 ላይ ማለት ነው። አሁን ጌይኗን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» መሻከር ሲጀምሩ ትንሽ መለስ አድርጓት።

የብሉቱዝና የሬዲዮው ድምፅ ካነሰባችሁ ጌይኗን አትንኳት። ብዙ ቴፖች የእያንዳንዱን ድምፅ ለብቻ የሚያስተካክል ሜኑ አላቸው፤ እዚያ ጨምሩ።