ኮሌጅ ስንገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደሴ ፒያሳ ብቅ ካላችሁ ግድግዳው ሁሉ ማስታወቂያ ነው። አካውንቲንግ፣ ማርኬቲንግ፣ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ። «ምዝገባው ሊጠናቀቅ 3 ቀን ቀረው» ይላል። 3ቱ ቀን ግን መስከረምን ሙሉ አያልቅም። እኔም በዚያ ጥድፊያ ነው የተመዘገብኩት። ዛሬ ኮምቦልቻ ሂሳብ ክፍል ተቀምጬ ደመወዝ ስሠራ ትዝ ይለኛል።

ጓደኛ የገባበት መግባት

ከኛ ሰፈር አካውንቲንግ የገባነው አምስት ነበርን። ለምን ቢባል መልስ ያለው አልነበረም። ቢሮ ነው፣ ንጹህ ነው፣ እጅ አይቆሽሽም። በቃ። ብየዳና ማሽን «ነጥብ ላልመጣለት» ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነጥብ አልመጣለትምና ብየዳ ገባ። ቤት ውስጥ ለቅሶ የደረስን ነው የመሰለው። አሁን ወር ሳይሞላ ብር ሲያልቅብኝ የምበደረው ከሱ ነው።

አካውንቲንግ አይረባም እያልኩ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ግን ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራና ብረታ ብረት ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የአንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ወንበር በጣት ይቆጠራል። ማሽን ጥገናው ግን ሌሊትም ሰው ይፈልጋል። ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ቀን ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወርዳችሁ የሚሠራ ሰው ጠይቁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ፈቃዱን ሳያነቡ መክፈል

ይሄኛው የኔው ቁስል ነው። የመጀመሪያው ኮሌጃችን የእውቅና ፈቃዱን በመስታወት አድርጎ መግቢያው ላይ ሰቅሎታል። አይተን ረካን። ማንበቡን ማን አስቦት! የእውቅና ፈቃድ ለሙያው፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ተለይቶ ነው የሚሰጠው። የኮሌጁ ስም ብቻ ምንም ማለት አይደለም። ያ የተሰቀለው ወረቀት እስከ ደረጃ 3 ነበር፤ እኛ የከፈልነው ለደረጃ 4። ስናውቅ አንድ ዓመት በልቶናል። ብሩንም የመለሰልን የለም።

ስለዚህ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ሙያ፣ እስከ ስንት ደረጃ፣ በዚህ ግቢ ተፈቅዷል ወይ? ከዚያ መልሱን ሌላ ቦታ አጣሩ። ለቴክኒክና ሙያ ሥራና ሥልጠና ቢሮ አለ፤ ለዲግሪ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ካሏችሁ፣ ብራችሁም በሂደት ላይ ይቆይ።

ባረጀ ሃንድአውት መማር

በቅርቡ አንዲት ልጅ ለትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ለሚደረገው የተግባር ልምምድ፣ እኛ ቢሮ መጣች። ጎበዝ ናት። የ8,000 ብር ደመወዝ ሰጥቼ ግብሩን አስይው አልኳት። ቀልጠፍ ብላ 1,445 ብር ጻፈች። በ30 በመቶ አባዝታ፣ የግብር ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ተቀናሽ 955 ቀንሳለች። ስሌቱ እንከን የለውም። ሠንጠረዡ ነው የድሮው።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 3,000 በ20፣ የቀረው 1,000 በ25 በመቶ ይሰላል። 300፣ 600፣ 250። ድምሩ 1,150 ብር። በእሷ ስሌት ቢሄድ ኖሮ ሰውየው በየወሩ 295 ብር ያለአግባብ ይቆረጥበት ነበር።

«አብሽሪ፣ ጥፋቱ የሃንድአውቱ ነው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ፈተና ላይ እኮ በዚሁ ነው ኤ ያገኘሁት!»

ምን እላታለሁ? ሃንድአውት ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ ኖሯል፤ አዋጁ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ጡረታው ለምሳሌ ያው ነው፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ግን ያው መሆኑንም አረጋግጦ ነው እንጂ። ደግሞ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ከመሮጥ በፊት ኤክሴልን በደንብ ልመዱ። እኛ ቢሮ ቀኑን ሙሉ የሚከፈተው እሱ ነው።

ለማኅተም ብቻ ልምምድ መውጣት

በቴክኒክና ሙያ አብዛኛው ጊዜ የተግባር መሆን አለበት። የትብብር ሥልጠናውም ለዚሁ ነው። ብዙዎቻችን ግን ዘመድ ያለበት ድርጅት ፈልገን፣ ሻይ እያመላለስን ሰንብተን፣ ቅጹን አስሞልተንና ማኅተም አስመትተን እንመለሳለን። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ወንድሜ ዕድለኛ ነበር። ክፉ ሰውዬ እጅ ላይ ወደቀ። አንድ ቀን የበር ፍሬም በየደ። ቅርፊቱን በመዶሻ አራግፎ ሲያየው ያበራል። የወርክሾፑ ባለቤት ምንም ሳይናገር የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አንስቶ ብየዳውን መሀል ለመሀል ቆረጠው። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ብቻ ነው። የሚበይድበትን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ ማታ ውጭ ትቶት አድሮ ነበር፤ የደሴን የክረምት ጭጋግ ታውቁታላችሁ። እርጥበቱ ሲቃጠል ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ሳይወጣ ብረቱ ሲረጋ ቀዳዳ ይቀራል። ሃንድአውቱ ላይ «ኤሌክትሮድ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚል አንድ መስመር ነበረ። ወንድሜ ያን መስመር ሸምድዶ ፈተና ላይ ጽፎታል።

ልምምድ ስትወጡ የሚቆጣ ሰው ያለበትን ምረጡ።

ሲኦሲን ማሳደር

የኮሌጁ ውጤት ሌላ፣ ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና ሌላ። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም አለው። እጃችሁ ሳይቀዘቅዝ፣ ሥልጠናው እንዳለቀ ተፈተኑ። «ሥራ ሳገኝ እፈተናለሁ» ያለ ጓደኛችን ሥራ ሲያገኝ የጠየቁት መጀመሪያ እሱኑ ነው። ዲግሪ ለምትማሩት ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ የግል ኮሌጅ ተማሪንም አይምርም።

የትራንስፖርቱን መርሳት

ክፍያ ስናወዳድር የወር ክፍያውን ብቻ እናያለን። ደሴ እያደራችሁ ኮምቦልቻ የምትማሩ ከሆነ የሚኒባሱን ደርሶ መልስና ምሳውን ደምሩበት። ተግባር ያለበት ቀን ከወርክሾፕ የምትወጡት አመሻሽ ላይ ነው። ያኔ መናኸሪያው ሰልፍ ነው። ጃኬትም ያዙ፤ ኮምቦልቻ ላይ ላብ ያጠመቀው ሰው ሐረጎን ሲጨርስ ይንቀጠቀጣል።