ጌም ሲከፈት የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነበር

ደብረ ብርሃን፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ኮምፒውተር። ዴስክቶፕ ላይ ሰላም ነው፤ ጌም ሲከፈት ግን ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። ድራይቨር መቀየር፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን፣ ራም ማቀያየር፣ ስታቢላይዘር፤ አንዱም አልፈየደም። ሙቀቱም ደህና ነበር።

የተፈታው የፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያድለው ሳጥን) ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ሲነበብ ነው። በትልቁ 500 ዋት ይላል፤ በ12 ቮልት መስመር ግን 18 አምፔር ብቻ። ሲባዛ 216 ዋት! ካርዱ ለብቻው 125 ዋት ይፈልጋል፣ ለቅጽበት ከዚያም ይዘላል፤ ፕሮሰሰሩ ሲጨመርበት አይችለውም።

ባለ 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (የኃይል ብቃት ደረጃ)፣ በ12 ቮልት ከ40 አምፔር በላይ የሚሰጥ ሲገጠም መጥፋቱ ቆመ። ስትገዙ ይህን የ12 ቮልት አምፔር ቁጥር ፈልጉ። ወደ ካርዱ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ገመድ ከራሱ ከፓወር ሰፕላዩ የወጣ ይሁን፤ በሞሌክስ (ባለ 4 ፒን የቆየ ማገናኛ) አዳፕተር የተቀጠለ ግሎ ሊቀልጥ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ከኋላው ቀይ የቮልቴጅ መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩት፤ 115 ላይ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል።