በዋሽንግተን ግዛት የቴክኒክ ኮሌጅ ክፍያን በሕግ መንገድ እንዴት መቀነስ ይቻላል?

በዋሽንግተን ግዛት አምስት የሕዝብ የቴክኒክ ኮሌጆች አሉ፤ ሬንተን ቴክኒካል ኮሌጅ፣ ከርክላንድ ያለው ሌክ ዋሽንግተን ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ፣ ታኮማ ያለው ቤትስ፣ ሌክውድ ያለው ክሎቨር ፓርክ እና ቤሊንግሃም። ክፍያው የከበደው ሰው ብዙውን ጊዜ የምዝገባ መስኮት ላይ ቆሞ ችግሩን ያስረዳል። ልፋቱ ግን ፍሬ የለውም፤ መዝጋቢዋ ቀርቶ የኮሌጁ ፕሬዚዳንትም በራሱ ፈቃድ ትዊሽን (የትምህርት ክፍያ) መቀነስ አይችልም።

ዋጋውን የሚወስነው የግዛቱ የኮሚዩኒቲና ቴክኒካል ኮሌጆች ቦርድ ነው፤ እሱም ቢሆን ሕግ አውጪው ካስቀመጠው ጣሪያ አያልፍም። በ2015 የወጣው ሕግ የኮሌጆቹን ትዊሽን መጀመሪያ በ5 በመቶ ቀነሰ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓመታዊ ጭማሪ ደግሞ ባለፉት 14 ዓመታት በግዛቱ ከታየው የመካከለኛ የሰዓት ደመወዝ አማካይ ዕድገት እንዳይበልጥ አሰረው። ቅናሽም እንዲሁ በሕግ የታሰረ ነው። «ዌይቨር» (ክፍያን በሙሉ ወይም በከፊል መተው) የሚሰጠው በግዛቱ ሕግ ምዕራፍ 28ቢ.15 ለተዘረዘሩ ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ አንቀጽ 28ቢ.15.910 ኮሌጆቹ በጠቅላላ የሚተዉት ገንዘብ ከኦፐሬቲንግ ፊ (የሥራ ማስኬጃ ክፍያ) ገቢያቸው 35 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል (ከዚህ ስሌት ውጭ የተደረጉ ዌይቨሮች አሉ)። ስለዚህ «ቀንሱልኝ» ከማለት «የትኛው ዌይቨር ይመለከተኛል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

1. ቢሉን መስመር በመስመር ያንብቡ። ትዊሽን የሚባለው የሦስት ክፍያዎች ድምር ነው፦ ኦፐሬቲንግ ፊ፣ ቢልዲንግ ፊ (የሕንፃ ክፍያ) እና የተማሪዎች አገልግሎት ክፍያ። ከሥሩ የላብ (የላብራቶሪ)፣ የቴክኖሎጂና የፓርኪንግ ክፍያዎች ይመጣሉ። አብዛኛው ዌይቨር የሚነካው የላይኛውን ክፍል ነው። የብየዳ ተማሪ ትዊሽኑ ሙሉ በሙሉ ቢነሳለት እንኳ የላብ ክፍያውን፣ መከላከያ ቆቡን፣ ጓንቱንና የቆዳ ጃኬቱን ከኪሱ ይሸፍናል። የእነዚህን ዋጋ አስቀድመው ከፕሮግራሙ ቢሮ ይጠይቁ።

2. ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ወይም ዋስፋ (ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ የግዛቱ ማመልከቻ) ይሙሉ። ከዌይቨር በፊት ግራንት (የማይመለስ እርዳታ) መሞከር አለበት ባይ ነኝ። የዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት በገቢና በቤተሰብ ብዛት የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚያገኘው ተማሪ እንደማንኛውም ከፋይ በጊዜው ተመዝግቦ ቦታውን ይይዛል። የዚህ ጥቅም ደረጃ 4 ላይ ይታያል።

3. ምድብዎን ይለዩ። በፌዴራል ግዳጅ ላይ ሳለ የሞተ ወይም ሙሉ በሙሉ አካል ጉዳተኛ የሆነ የዋሽንግተን ወታደር ልጅና የትዳር ጓደኛ እስከ 200 የኳርተር (የሩብ ዓመት የትምህርት ወቅት) ክሬዲት ክፍያ ይነሳላቸዋል፤ ልጁ ከ17 እስከ 26 ዓመት መሆን አለበት። ይህ ኮሌጁን የሚያስገድድ ነው። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ነዋሪዎችና የግዛቱ መንግሥት ሠራተኞች የሚያገኙት ግን ኮሌጁ ሊሰጥም ላይሰጥም የሚችለውን ነው፤ ሬንተን ስለሰጠ ቤትስ ይሰጣል ማለት አይደለም። አዛውንቶች በአንድ ጊዜ ከሁለት ኮርስ በላይ መውሰድ አይችሉም፤ ክሬዲቱንም ለደመወዝ ጭማሪ ሊጠቀሙበት አይፈቀድም። እንግሊዝኛ ቋንቋና መሠረታዊ ትምህርት ለሚማሩ ሰዎች የተለየ ደንብ አለ፦ ክፍያው በኳርተር 25 ዶላር ሲሆን መክፈል ለማይችል ይነሳል። ይህን ሳያውቁ ከትምህርት የሚቀሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ለሰፈር ሰው ሁሉ ቢነገር ደስ ይለኛል።

4. የምዝገባውን ቀን ይጠብቁ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የአዛውንትና የመንግሥት ሠራተኛ ዌይቨር የሚሠራው ከፋይ ተማሪዎች ከተመዘገቡ በኋላ ወንበር ከተረፈ ብቻ ነው። ሕጉ በዚህ መንገድ የገቡ ተማሪዎች ኮሌጁ ለግዛቱ በሚያቀርበው የተማሪ ቁጥር ውስጥ እንዳይቆጠሩ ስለሚያዝ፣ ኮሌጁ ከፋዩን አስቀርቶ እነሱን የሚያስገባበት ምክንያት የለውም። በተግባር ምዝገባው የሚከፈተው ኳርተሩ ሲጀምር፣ አንዳንድ ቦታም ትምህርት ከተጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

ቦታ እንዳያመልጠኝ ብሎ ቀድሞ በኦንላይን የተመዘገበ ሰው እንደ ከፋይ ይቆጠራል፤ ዌይቨሩ ይቀርና ሙሉ ቢል ይመጣበታል። ኮርሱን ጥሎ በዌይቨር ልመለስ ቢልም ብዙ ኮሌጆች አይቀበሉትም። ትክክለኛው አካሄድ ቅጹን አስቀድሞ ሞልቶ መያዝ፣ ቀኑን ከሬጅስትራር ቢሮ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ከዚያም በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ክፍል ተገኝቶ ቦታ መኖሩን ከአስተማሪው ማረጋገጥ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የጥርስ ረዳትነትን የመሰሉ ተማሪዎች በቡድን ገብተው በቡድን የሚወጡባቸው ፕሮግራሞች ከመጀመሩ በፊት ስለሚሞሉ፣ የተረፈ ወንበር መጠበቅ ከንቱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሙያ ግራንት ይፈልጉ። ያለ ግዛቱ ገንዘብ፣ ከተማሪዎች በሚሰበሰብ ክፍያ በሚካሄዱ ልዩ ኮርሶች ላይ ደግሞ የግዛቱ ዌይቨር አይሠራም፤ ከመመዝገብዎ በፊት የኮርሱን ዓይነት ይጠይቁ።

5. ከ18 ክሬዲት በላይ ከያዙ የተጨማሪውን ክፍያ ያጣሩ። የቴክኒክ ፕሮግራም ሰዓት ብዙ ስለሆነ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ሕጉ ኮሌጁ የሙያ ፕሮግራም ግዴታ ኮርሶችን ብቻ ለሚወስድ ተማሪ ተጨማሪውን በሙሉ ወይም በከፊል እንዲተው ይፈቅዳል። «ብቻ» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ከፕሮግራሙ ውጭ አንድ ምርጫ ኮርስ መጨመር መብቱን ሊያሳጣ ይችላል።

6. እምቢ ከተባሉ ውሳኔውን ከነአንቀጹ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዌይቨሩ አስገዳጅ ከሆነ ይግባኝ ማለት ያዋጣል። በፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ ግን ይግባኙ ላይ ጊዜ ከማጥፋት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዶ ስለ ዎርከር ሪትሬኒንግ (ሥራ ላጡ ሰዎች የሚሰጥ የሥልጠና እርዳታ) እና ስለ ኦፖርቹኒቲ ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሙያ ተማሪዎች የሚሰጥ እርዳታ) መጠየቅ ይሻላል። ዌይቨር ካገኙም ለዚሁ ቢሮ ያሳውቁ፤ አለዚያ ግራንቱ በኋላ ተስተካክሎ ዕዳ ሊመጣብዎት ይችላል። ቅጹ በአብዛኛው በየኳርተሩ እንደገና ስለሚሞላ፣ የማስረጃዎችዎን ኮፒ በአንድ ፎልደር ይያዙ።