አዲስ ገቢ ተማሪን ደውሎና ጽፎ መቀበል፦ ለቀድሞ ተማሪዎች የአሠራር መመሪያ

የቅበላ ደብዳቤ የደረሰው ተማሪ ሁለት ቀን ይደሰታል፤ በሦስተኛው ጥያቄ ይጀምረዋል። ዶርም የምጋራው ከማን ጋር ነው? ክፍያው እስከ መቼ ነው? የመረጥኩት ትምህርት ቢከብደኝስ? አብዛኛውን ጥያቄ ወደ ቢሮ ደውሎ አይጠይቅም፤ «ይህንንም አያውቅም» እንዳይባል ይፈራል። ከዚያው ግቢ ተመርቆ የወጣ በጎ ፈቃደኛ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ሲደውል ዋናው ሥራው ይህን የታፈነ ጥያቄ ማውጣትና መልሱ ላለበት ቢሮ ማድረስ ነው። ኮሌጁን ማሞገስ የብሮሹሩ ሥራ ነው።

ስም ዝርዝሩ

ዝርዝሩ ከቅበላ ቢሮ በይፋ ይወሰድ፤ ከቴሌግራም ግሩፕ የተለቃቀመ ስም አይሠራም። የሚያስፈልጋችሁ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ስልክ፣ የፖስታ አድራሻ፣ የተቀበለበት የትምህርት ክፍል፣ የመጣበት ከተማና በቀድሞ ተማሪዎች እንዲደወልለት መፍቀዱ ብቻ ነው። ውጤት፣ የቤተሰብ ገቢ፣ የጤና ሁኔታና የስኮላርሺፕ መጠን በዝርዝሩ ውስጥ ካሉ ሳታዩ አስወጧቸው። ውጤቱን ያየ ደዋይ ሳያስበው «ነጥብህማ ግሩም ነው» ይላል፤ ተማሪው ደግሞ ነጥቡን ሌላ ማን እንዳየው ማሰብ ይጀምራል።

ጾታው ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ አማርኛ ከመጀመሪያው ግሥ ጀምሮ «አንተ» ወይ «አንቺ» ያስመርጣል። «ደስታ» ወይም «ፍቅር» የሚለውን ስም አይቶ መገመት አያዋጣም። ካልታወቀ በስልክ ድምፁን እስክትሰሙ «እርስዎ» በሉ፤ በእጅ ጽፋችሁ በምትልኩት የእንኳን ደስ አለህ ካርድ ላይ ከሆነ እስከ መጨረሻው በዚያው ቀጥሉ። የስሙም ፊደል ተማሪው ራሱ ቅጹ ላይ እንደጻፈው ይሁን። ዕድሜዋን ሙሉ «ሐና» ብላ የጻፈች ልጅ «ሃና» የሚል ካርድ ሲደርሳት በእጅ የተጻፈው ሁሉ በማሽን የታተመ ይመስላታል።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ኤክሴል ላይ ነው። ሁለት ስህተቶች በየዓመቱ ይመላለሳሉ። አንደኛው፣ አንዱን ዓምድ ብቻ መርጦ በፊደል ተራ መደርደር ነው፤ ስሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ስልኮቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥሪ ሌላ ሰው ቤት ይገባል። ሁለተኛው፣ በዜሮ የሚጀምር ስልክ ቁጥር እንደ ተራ ቁጥር ተቆጥሮ ዜሮው ይጠፋል፤ ዓምዱን ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ጽሑፍ ቀይሩት። ፋይሉን ለበጎ ፈቃደኞች ከመላካችሁ በፊት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አምስት አምስት መስመር መርጣችሁ ከዋናው ጋር አመሳክሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉ የከፋው ግን ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ላለ ተማሪ ደውሎ «እንኳን ደስ አለህ» ማለት ነው። ይህ የሚሆነው የተቀበሉትም የሚጠባበቁትም አንድ ፋይል ውስጥ ሲቀመጡና ተጠባባቂዎቹ በማጣሪያ ብቻ ሲደበቁ ነው፤ ፋይሉን የተቀበለው ሰው ማጣሪያውን ሲያነሳ ሁሉም ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ የምትልኩት ፋይል የተቀበሉት ብቻ ያሉበት፣ አዲስ የተከፈተ ይሁን። በሚደወልበት ቀን ጠዋትም ዝርዝሩ እንደገና ይጠየቅ፤ በመሃል ቦታውን የለቀቀ ይኖራል።

የመጀመሪያው ጥሪ ይፋዊው ደብዳቤ ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ ይጀመር፣ በአሥረኛው ቀን ይለቅ። ከሦስት ቀን በፊት ከደወላችሁ ደብዳቤው ያልደረሰው ተማሪ ዜናውን ከማያውቀው ሰው ይሰማል፣ ማጭበርበርም ይመስለዋል። ከአሥር ቀን በላይ ካለፈ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ጊዜ መቃጠል ይጀምራል።

ደዋዮቹ

ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ስምንት ተማሪ በቂ ነው። ከአሥር ካለፈ የመጀመሪያው ጥሪ ይደረጋል፣ ከምዝገባ በፊት የሚደረገው ሁለተኛው ግን ይቀራል፤ ጥቅሙ ያለው ደግሞ ሁለተኛው ላይ ነው። ለአሥራ አምስት በጎ ፈቃደኞች አንድ አስተባባሪ መድቡ።

ከተመረቁ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ይደውሉ፣ ቆየት ያሉት ካርድ ይጻፉ። ከሃያ ዓመት በፊት የተመረቀ ሰው ስለ ዶርም የሚያውቀው አብዛኛው ተለውጧል፤ በካርድ ላይ ግን ዕድሜው ሞገስ ይሰጠዋል። ተማሪና ደዋይ ሲጣመሩ ብዙዎች በትምህርት ክፍል ማዛመድን ይመርጣሉ። እኛ መጀመሪያ የመጡበትን ከተማ እናያለን። አዲስ ገቢ ተማሪ ትምህርቱን ሊቀይር ይችላል፣ ከቤት ርቆ የመኖር ጭንቀቱ ግን ያው ነው። እንደ ሕክምናና ነርሲንግ ያለ ኮርሱ ከመጀመሪያው ዓመት የታሰረ ትምህርት ሲሆን ብቻ ትምህርት ክፍሉ ይቅደም።

ሥልጠናው 90 ደቂቃ ይብቃው፤ ሃምሳው ደቂቃ ለልምምድ ይሁን። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ፦ አንዱ ደዋይ፣ አንዱ ተማሪ፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ማን ስንት ደቂቃ እንዳወራ የሚመዘግብ። ደዋዩ ከግማሽ በላይ ካወራ ይደገም። እጃቸው ላይ የሚኖረው አንድ ገጽ ነው፤ ከላይ የተዘጋጀበት ቀን ይጻፍበት። የምዝገባ ቀን፣ የክፍያ ማብቂያ፣ የዶርም ቅጽ የሚመለስበት ቀን፣ ለምዝገባ የሚያዙ ሰነዶችና የየቢሮው ስልክ ይኖሩበታል። ገጹ ላይ የሌለ ነገር ሁሉ መልሱ «አጣርቼ እነግርሃለሁ» ነው።

ጥሪው

የማያውቁትን ቁጥር የሚያነሱ ወጣቶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት አጭር መልእክት ላኩ፦ «ሰላም ሐና፣ ሳሙኤል እባላለሁ፣ የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪ ነኝ። እንኳን ደስ አለሽ። ነገ አመሻሽ ላይ በዚህ ቁጥር ልደውልልሽ ነው፤ ካልተመቸሽ የሚመችሽን ሰዓት ጻፊልኝ።» ሊንክ አታስገቡበት፤ ሊንክ ያለበት መልእክት የአጭበርባሪ ይመስላል።

ጥሪው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። መጀመሪያ ስም፣ የተመረቁበት ዓመት፣ ቁጥሩ ከየት እንደተገኘ፣ ጊዜ እንዳለው መጠየቅ። ከዚያ ወደ ጥያቄው። «ጥያቄ አለሽ?» ከተባለች መልሷ ሁልጊዜ «የለኝም» ነው። ጥያቄውን በእጇ ወዳለው ወረቀት አውርዱት፦

— ከላኩልሽ ቅጾች ውስጥ ጀምረሽ ያቆምሽው አለ?
— እ… የዶርሙ።
— የቱ ጋ አቆምሽው?
— የተጠሪ አድራሻ የሚለው ላይ። አብሬያት የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው፣ ቅጹ ግን አባት ወይም እናት ነው የሚለው።
— እሱን በግምት አልመልስልሽም። ዛሬውኑ ለዶርም ቢሮ እጽፋለሁ። ሐሙስ ማታ እደውልልሻለሁ፤ መልስ ባይመጣም እደውላለሁ። እስከዚያው ሌላውን ክፍል ሞልተሽ ጨርሺው።

ልጅቷ ቅጹን የተወችው ሰነፍ ሆና አይደለም፤ አንድ ሣጥን የእሷን ሁኔታ ስላልያዘ ነው። ዶርም የሚያመልጣቸው ብዙዎች እንዲህ ባለች ሣጥን ላይ ቆመው ነው። ከጠየቃችሁ በኋላም ዝም በሉ፤ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። «እ…» ካለች በኋላ ያለውን ዝምታ ደዋዩ ራሱ ከሞላው ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ኮሌጅ ገቢ ለሆነ ተማሪ ቃላቱን ፍቱለት። ሬጅስትራር (የተማሪዎች ምዝገባና መዝገብ ክፍል) ማን ነው፣ ክሬዲት አወር (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ምን ይቆጥራል፣ አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መቀነስ) እስከ መቼ ነው። «ይህን ታውቃለህ አይደል?» ብሎ መጀመር አይገባም፤ «አዎ» ይላችኋል።

ስልኩን ወላጅ ካነሳው «እርስዎ» እያላችሁ ማንነታችሁንና የደወላችሁበትን ምክንያት ግለጹ፣ ከዚያ ተማሪው እንዲቀርብ ጠይቁ። ስለ ክፍያና ስለ ቅጾች ያለውን ዝርዝር ለተማሪው ለራሱ ንገሩት። በተለያየ ቀንና ሰዓት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልተገኘ ካርድ ይላክለት፣ ስሙም ለአስተባባሪው ይመለስ። አራተኛ ጥሪ መጨቅጨቅ ነው።

ደዋይ የማያደርጋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን ጥብቅ ናቸው። ስኮላርሺፕ፣ የዶርም ቅያሪ ወይም የትምህርት ክፍል ለውጥ ቃል አይገባም። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ፖለቲካና የቤተሰብ ገቢ አይጠይቅም። ሌላ ኮሌጅ አያንቋሽሽም፤ ተማሪው በሁለት ቦታ መካከል እያመነታ ከሆነ የሚመዝነውን ጠይቆ የሚያውቀውን እውነት፣ ደካማውን ጎን ጭምር ይነግረዋል። መዋጮ የሚባል ነገርም ከአፉ አይወጣም። ተማሪው የሚያሰጋ ነገር ከተናገረ፣ ራሱን ስለመጉዳት ወይም ቤት ውስጥ ስለሚደርስበት ጥቃት፣ «ለማንም አልናገርም» ማለት ክልክል ነው። በእርጋታ ሰምቶ፣ የሚረዳ ሰው ጋር እንደሚያገናኘው ነግሮት፣ በዚያው ሰዓት ለአስተባባሪው ያሳውቃል፤ አደጋው አፋጣኝ ከሆነ የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ይጠራል።

ካርዱ

አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ደስታ መግለጫ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ስለ ግቢው አንድ የተለየ ነገር፣ አንድ ጠቃሚ ምክር፣ ስምና የተመረቁበት ዓመት። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው ካርዱን የሚያድነው። «ኮሌጃችን ድንቅ ነው» ማንም ይጽፋል። «የላይብረሪው ሦስተኛ ፎቅ የመስኮቱ ወንበር ከጠዋቱ ጀምሮ ይያዛል፣ ቀድመህ ሂድ» የሚለውን ግን እዚያ የተቀመጠ ሰው ብቻ ይጽፈዋል። (ወንበሩ አሁንም መኖሩን መጀመሪያ አጣሩ።)

በአንድ መቀመጫ ከስድስት ካርድ በላይ አትጻፉ፤ ሰባተኛው ከስድስተኛው ይገለበጣል፤ ሁለት ጓደኛሞች ካርዳቸውን ሲያስተያዩ ደግሞ ይታወቃል። በተራ እስክርቢቶ ጻፉ፤ ጄል ቀለም በሚያብረቀርቅ ካርድ ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ይለቀለቃል። ፖስታ በሌለው ካርድ ላይ ስለ ክፍያ ወይም ስለ ስኮላርሺፕ አንድም ቃል አይጻፍ፤ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዓይን ያነበዋል።

መዝገቡ

ከጥሪው በኋላ በዚያው ምሽት ይሞላ፤ ነገ ከተባለ ግማሹ ይረሳል። ቀን፣ ተገኘ ወይስ አልተገኘም፣ ጥያቄው፣ የተላለፈለት ቢሮ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን። ጥያቄው በተማሪው ቃል ይጻፍ። «የዶርም ጉዳይ» ከተባለ ቢሮው መልሶ ይጠይቃችኋል፤ «ተጠሪዬ አክስቴ ናት፣ ቅጹ አባት ወይም እናት ይላል» ከተባለ በአንድ መስመር ይመልሳል። ለመልሱ ሁለት የሥራ ቀን ስጡ፤ ከዚያ አስተባባሪው ራሱ ይጠይቅ። በየሳምንቱ መጨረሻ መዝገቡ ይታይ። አምስት ተማሪ አንድ ዓይነት ነገር ከጠየቀ ጥፋቱ የደብዳቤው ነው፤ ቢሮው ደብዳቤውን ያስተካክል።

ሁለተኛው ጥሪ

ከምዝገባ ሦስት ሳምንት በፊት። ቦታውን ተቀብሎ ሳይመዘገብ የሚቀር ተማሪ በየቦታው አለ። በአሜሪካ «ሰመር ሜልት» የሚሉት ይህን ነው፤ ተመራማሪዎቹ ቤንጃሚን ካስልማንና ሊንድሴ ፔጅ ጉዳዩን ሲያጠኑ ይበልጥ የሚመታው ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡትን መሆኑን አሳይተዋል። በቅበላና በምዝገባ መካከል ባሉት ወራት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሸኝቶታል፣ ኮሌጁ ገና አልተረከበውም፤ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሁለተኛው ጥሪ አምስት ደቂቃ ነው። አንዷን ገጽ ይዛችሁ መስመር በመስመር ጠይቁ፦ ክፍያው ተከፍሏል? የዶርም ቅጹ ተመልሷል? የጤና ምርመራውስ? ትራንስክሪፕቱ (የውጤት ማስረጃው)? በየት በኩል፣ በየትኛው ቀን ነው የምትመጣው? «ሁሉም አልቋል» የሚል መልስ ከመጣ «ማረጋገጫው በምን ደረሰህ?» ብላችሁ ጨምሩ። ቅጹን ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ሳይጫን የተወ ተማሪ የሚገኘው በዚህች ጥያቄ ነው።

በአካል

የትውውቅ ዝግጅት ካደረጋችሁ አሥራ አምስት ተማሪ፣ አራት በጎ ፈቃደኛ፣ 90 ደቂቃ። ቦታው ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ይሁን እንጂ የግለሰብ ቤት አይሁን፤ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ስላሉ በጎ ፈቃደኛ ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻውን አይቀመጥ፣ በመኪናውም ብቻውን አይሸኘው። ወላጆች ከመጡ ሌላ ጥግ ላይ አንድ ሰው ይያዛቸው፤ እናቱ አጠገቡ ያለች ልጅ ስለ ዶርም ሕይወት አይጠይቅም።

በመግቢያው ቀን መቆሚያችሁ ሰልፉ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ። ካርታ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክና አሥር እስክርቢቶ ያዙ፤ ቅጽ ፊት ለፊት ቆሞ እስክርቢቶ የሚያጣ ተማሪ አይጠፋም። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ የተመደቡለትን ስምንት ተማሪዎች በስም ይፈልግ፤ እስከ ቀኑ መጨረሻ ያልታየ ካለ በዚያው ምሽት ይደወልለት።

ትምህርት በተጀመረ በ30ኛው ቀን ዝርዝሩ ይሰረዝ፦ ከኢሜይል፣ ከስልክ፣ ከታተመው ወረቀትም። አስተባባሪው ከእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ «ሰርዣለሁ» የሚል መልእክት ይቀበል። ተማሪው የደዋዩን ቁጥር ማስቀረት ከፈለገ ምርጫው የራሱ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የሚደውለው እሱ ብቻ ነው።