ዓሣው አልጠፋም፦ የሰፈር ምግብ ድረ ገጽ ችግርና መፍትሄ

ሰው ከጓሮው የቀጠፈውን ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ እንዴት እንደሚሠራው የሚጽፍበት ድረ ገጽ ሦስት ጊዜ ሠርቻለሁ። ሌሎች የሠሩትን ደግሞ ከዚያ በላይ ጠግኛለሁ። ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) መነሳቱን፣ ዶሜኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) መታደሱን፣ ካሹ (በጊዜያዊነት የተያዘው የድሮ ቅጂ) መጽዳቱን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ምግቡ ተመዝግቧል፣ መፈለጊያው ግን «ምንም አልተገኘም» ይላል

አብዛኛው የሚደወልልኝ በዚህ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ከሐዋሳ ደወሉ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ደክሜ የጻፍኩትን ዓሣ ዱለት አጠፋችሁብኝ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር። ገብቼ ሳየው ዱለቱ ቁጭ ብሏል። ሲመዘግቡት ልጃቸው «ዓሣ» ብላ ጽፋላቸዋለች። እሳቸው ሲፈልጉት «አሳ» ብለው ነው።

ምክንያቱ፦ ለጆሯችን አንድ የሆነው ድምፅ ለኮምፒውተሩ የተለያየ ቁጥር ነው። አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ አራት፣ ሳ እና ሣ ሁለት። ስታባዙት «ዓሣ» በስምንት መንገድ ይጻፋል። «ሃ» ደግሞ ቢያንስ ስድስት መልክ አለው፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሥጋና ስጋ፣ ጾምና ፆም፣ ዕንቁላልና እንቁላል፣ ጐመንና ጎመን፣ ሽንኵርትና ሽንኩርት፣ ሁሉም እዚሁ ውስጥ ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚያገኙበት መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በስሪት 3.0 ነው። እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር አገኘ እንጂ እነዚህ አንድ ድምፅ ናቸው የሚል ነገር አልተጻፈበትም። ስለዚህ ከዩኒኮድ ጋር የሚመጣውን ኖርማላይዜሽን (የተለያየ አጻጻፍን ወደ አንድ የሚያመጣውን ሥርዓት) ብታስኬዱት ጠብ የሚል ነገር የለም። «አማርኛ ይችላል» እየተባለ የሚሸጥ ቴምፕሌትም አትመኑ። አብዛኛው የሚችለው ፊደሉን ማሳየት ብቻ ነው።

መፍትሄው፦ ጽሑፉን ሁለት ቦታ አስቀምጡት። አንደኛው ሰው የሚያነበው ነው፣ ልክ ባለቤቱ እንደጻፈው። ሁለተኛው ለመፈለጊያው ብቻ የሚሆን፣ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተመለሱበት ዓምድ ነው። ተጠቃሚው የሚጽፈውን ቃልም ፊደላቱን በሚመልሰው በዚያው ፋንክሽን (ትንሽ ፕሮግራም) አሳልፉት። ሥራው ቀላል ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ተራ ለሁሉም ቤት አንድ ስለሆነ በመደመርና በመቀነስ ያልቃል። ሐን ወደ ሀ ለመመለስ ከዩኒኮድ ቁጥሩ 16 ትቀንሳላችሁ፣ ኀን 128። ዐን ወደ አ 48፣ ፀን ወደ ጸ 8። ሠን ወደ ሰ ለመውሰድ ግን 16 ትደምራላችሁ። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። ጐ፣ ቈ እና ኰ ወደ ጎ፣ ቆ እና ኮ ይሂዱ። ቍ እና ኵም ወደ ቁ እና ኩ። መደመርና መቀነሱን ሰባተኛው ፊደል ላይ አቁሙ። ስምንተኛው ሗ ላይ 16 ከቀነሳችሁ ሇ ይወጣባችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን በዋናው ጽሑፍ ላይ በጭራሽ አታስኬዱ። አንድ ልጅ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳይይዝ አስኬደው። በአንድ ሌሊት ሥጋው ሁሉ ስጋ ሆነ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ስማቸው በ«ኃ» ይጀምራል። በማግስቱ በ«ሀ» ተጽፎ አዩት። «ስሜን እንኳ አልተዋችሁልኝም» ብለው መጻፍ አቆሙ። ስለ ሽምብራ እሸት እንደሳቸው የሚጽፍ ሰው አልነበረንም። ከቴሌግራም ግሩፓችን የድሮ መልእክት እየለቀምኩ ጽሑፉን ወደ ነበረበት ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ባክአፕ ያዙ። ከዚያ ባክአፑ መከፈቱን እዩ።

ፊደሉ ተስተካክሎም ካልተገኘ ሥርዓተ ነጥቡን እዩ። በዕድሜ ትልልቆቹ በቃላት መሀል «፡» ያደርጋሉ። «ጎመን፡በአይብ» ለመፈለጊያው አንድ ቃል ነው። አራት ነጥብም ብዙ ጊዜ «፡፡» ሆኖ ነው የሚመጣው። በመፈለጊያው ዓምድ ላይ ሁሉንም በክፍት ቦታ ተኩ።

ቀጥሎ መነሻ ፊደሎቹ አሉ፦ የጎመን፣ በጎመን፣ ለጎመን። የ፣ በ፣ ከ እና ለን ቆርጣችሁ የቀረውን ቃል በመፈለጊያው ዓምድ ላይ ጨምሩበት፣ የመጀመሪያውን ግን አታጥፉ። አንድ ሳይት ላይ «በ» እና «ለ»ን ሙልጭ አድርገው ቆርጠውት በርበሬው «ርበሬ»፣ በሶው «ሶ» ሆኖ አገኘሁት። ለውዝም «ውዝ» ሆኖ ነበር።

ምልክት፦ የአንድ ሰው ምግቦች ብቻ አይገኙም

አሰራሩን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ፎቶውን ነው የለጠፈው። ኮምፒውተሩ ምኑን ያንብበው? እባካችሁ አሰራርን በፎቶ አትቀበሉ። ርዕስና ግብዓት ሳይጻፍ ማስገቢያው አይለፍ። ፎቶውም ቢሆን 4 ሜጋባይት ሆኖ አይግባ፣ ሲጫን ወደ 150 ኪሎባይት ይውረድ። ካርድ ሞልቶ የሚያየው ሰው ብር እየቆጠረ ነው።

ምልክት፦ የጾም ምግብ ተብሎ ቅቤ ያለበት ይመጣል

ጸሐፊው «ጾም» የሚለውን ሳጥን ስለነካ ነው። ሽሮ ጾም ነው ብሎ ያስባል፣ ግብዓቱ ላይ ግን «ንጥር ቅቤ 1 ማንኪያ» አለ። ይህን እንደ ትንሽ ስህተት አትዩት። ሰው ረቡዕና ዓርብ አምኗችሁ ያበስላል። ሳጥኑን አንሱትና ፕሮግራሙ ራሱ ከግብዓቱ ይወስን። ቅቤ፣ ወተት፣ አይብ፣ ሥጋ፣ ዕንቁላል ካለበት ፍስክ ነው። «የኦቾሎኒ ቅቤ» ግን ጾም ስለሆነ በልዩ መዝገብ ይግባ። ዓሣ ላይ ሰው ስለማይስማማ ለብቻው ምልክት ስጡት።

ምልክት፦ የወቅቱ ምርት በተሳሳተ ወር ይወጣል

ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣችሁ ስሙን ብቻ ስለተረጎማችሁ ነው። የእኛ መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን ይውላል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 12። በእጅ አታስሉት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሰላ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ ኮድ) ተጠቀሙ። ጳጉሜንን የሚረሳ የወር ዝርዝር ብዙ አይቻለሁ። በቆሎ እሸቱ ሞልቶ በሚጠበስበት ሰሞን ገጹ ባዶ ይሆናል።

ምልክት፦ ሰው እንደተጻፈው ሠርቶ አልሆነለትም

መለኪያው ነው። የአንዱ ገበያ «1 እስር ጎመን» የሌላው ሁለት እጥፍ ነው። ከእስሩ ጎን ግራም ይጻፍ። «2 ሰዓት» የሚለውም «ለ2 ሰዓት ይበስላል» ይሁን ወይስ «2 ሰዓት ላይ ይጣዳል» አይታወቅም፣ የማብሰያ ጊዜ በደቂቃ ይሙላ።

የቀሩት አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥሙት። ጽሑፉ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ከዩኒኮድ በፊት ይሠራበት ከነበረው የፓወር ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ፋይል የተገለበጠ ነው፣ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። «????» ከሆነ ዳታቤዙ (መረጃው የሚቀመጥበት ቋት) የእኛን ፊደል በማይዝ ኢንኮዲንግ (የፊደል አቀማመጥ ዘዴ) ተከፍቷል። ወደ ዩቲኤፍ 8 ቀይሩት። ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ግን አይመለስም። ለጸሐፊው ደውላችሁ እንደገና እንዲልክ ለምኑት።